ከአንገረብ እስከ መገጭ አፍ፦ የሰኔ ወንዞች ማስታወሻ

ሰኞ፣ አንገረብ

ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ አይወደድም ይባላል። እኔ ግን ሆን ብዬ ነው ያገጣጠምኳቸው። ሰኔ ግም ሲል የሚወርደው ጎርፍ በበጋው ወራት በየሜዳው፣ በየጓሮውና በየቱቦው የተጠራቀመውን ሁሉ ጠራርጎ ወንዝ ውስጥ ይከትተዋል። ነሐሴ ላይ ወንዙ ይበልጥ ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ታጥቦ ባለቀ መሬት ላይ በሚወርድ ውኃ ነው። የጎንደር ወንዞች ወደ ጣና ምን ተሸክመው እንደሚወርዱ ማየት የፈለገ ሰው እንግዲህ ከዚህ ሰሞን የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በቦርሳዬ የያዝኩት ብልቃጦች፣ መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች፣ በሲሪንጅ አፍ ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ ማጥለያዎች፣ ጥቂት ፖታሺየም ፐርማንጋኔትና ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ የእጅ መብራት ነው። በዚህ ዕቃ ሳይንሳዊ ጥናት አይጻፍበትም፤ የት ቦታ ቆሞ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ለማወቅ ግን ይበቃል።

አንገረብ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው። ስሙን ወደ አትባራ ከሚፈስሰው ከትልቁ አንገረብ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ይኼኛው ትንሹ ነው፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ውኃውን ለመገጭ፣ መገጭ ለጣና፣ ጣና ለዓባይ ያስረክባል። ሁለቱ አንገረቦች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቢነሱም ውኃቸው ሱዳን ውስጥ ተገናኝቶ አንድ ላይ እስከ ሜድትራንያን ባሕር ይጓዛል። በትንሹ አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ ጎንደርን ሲያጠጣ የኖረ ነው፤ ዋናው ጠላቱ ደለል መሆኑንም የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዙሪያውን ያለውን ዳገት አንዴ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። አፈሩ ተገልጧል፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሥሩ ሣር የማያስበቅል ነው።

ከውኃው ዳር ተንበርክኬ ሲሪንጅ ስሞላ አንድ ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ምን ልታደርገው ነው ልጄ?»

«ላጠልለው ነው አባባ።»

«እነሱ ያጠልሉት የለም እንዴ?»

«ያጠልሉታል። እኔ ከማጥለያው የሚያመልጠውን ነው የምፈልገው።»

የማጥለያው ቀዳዳ 0.45 ማይክሮ ሜትር ነው። ጭቃው አያልፍበትም፤ አብዛኛው ባክቴሪያም እንዲሁ። ጥቂት እንደገፋሁ ነጩ ማጥለያ ቀላ፤ አውራ ጣቴ እስኪነድ ብጫነውም ጠብታ አልሰጥ አለ። ሌላ ቀየርኩ። ብልቃጡ ውስጥ የወረደው ኩልል ያለ ውኃ ነው። ሽማግሌው ተቀብለው ወደ ሰማይ አነሱትና «ይኼማ ጠበል ነው» አሉ። ከብልቃጡ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዝኩላቸው። ያን ጊዜ ፈዘዝ ያለ ቢጫነት ታየ። ብልቃጡን ሳይናገሩ መለሱልኝ።

ይህ ቢጫነት ነው የመጣሁበት ጉዳይ። ጌሾ ሲዘፈዘፍ ቅጠሉና እንጨቱ በማጥለያው ይቀራል፤ ምሬቱና ቀለሙ ግን ከውኃው ጋር አብሮ ይወርዳል። ወንዝም የወደቀውን ቅጠል፣ የበሰበሰውን ሥር፣ ፍጉንና የሳሙና እጣቢውን ሲዘፈዝፍ ነው የሚውለው። ከማጥለያው የሚያልፈው ይህ ክፍል የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ይባላል። ብዛቱ የሚለካው በውስጡ ባለው ካርቦን ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ1 ወይም ከ2 ሚሊግራም የማይበልጥ ይይዛል፤ ወንዞች ጥቂት ሚሊግራም፤ በረግረግና በጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚያልፉት «ጥቁር ውኃ» የሚባሉ ወንዞች ደግሞ በአሥር የሚቆጠር። ቀለም ያለው የቁሱ ክፍል የብርሃንን ሰማያዊ ጨረር ስለሚውጥ ለዓይናችን የሚተርፈው ቢጫው ወይም ቡናማው ነው።

ቅጠል የነካው ውኃ መርዝ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ነው። ክሎሪን ተሐዋስያንን ሊገድል ተልኮ በመንገድ ላይ ከሟሟው ቁስ ጋር ይጋጫል፤ ብዙው እዚያው ያልቃል። ለዚህ ነው ሁለት ውኃዎች እኩል ኩልል ብለው፣ እኩል ክሎሪን ጠብ ተደርጎባቸው፣ አንዱ በማግሥቱ የተጠበቀ ሆኖ ሌላው ባዶ ሆኖ የሚገኘው። ሁለተኛው ጣጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዮሐንስ ሩክ የተባለ ኬሚስት በሮተርዳም፣ ራይን ወንዝ ባሕር ሊገባ በተቃረበበት ከተማ፣ ቀለም ያለው የወንዝ ውኃ በክሎሪን ሲታከም ክሎሮፎርምና ዘመዶቹ እንደሚፈጠሩ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.3 ሚሊግራም ነው። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ክሎሪኑ ይቅር» እንዳይል እፈራለሁ። ኮሌራና ተቅማጥ ነገ ይገድላሉ፤ ክሎሮፎርም ቢጎዳ በዓመታት ነው። መፍትሔው ክሎሪኑን መተው አይደለም፤ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ቁሱን መቀነስ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት ጭቃውን አርግቶ ሲያወርድ ቡናማውን የቅጠል ቅሪት በከፊል ይዞት ይወርዳል። ቀለም የሌለውን የፍሳሽ ቁስ ግን ያን ያህል አይዘውም።

ማክሰኞ፣ ቀሃ

ቀሃ ከከተማዋ በስተምዕራብ ይወርዳል። ጥምቀት ሲደርስ የዐፄ ፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የእሱ ውኃ ነው። በሰኔ መዋኛው ደረቅ ነው፤ ሌሊት የጣለው ዝናብ ግን ከወለሉ ዝቅ ባለ አንድ ጥግ አቁሯል። ግንቡን እንደ ጅማት የተበተቡት የዛፍ ሥሮች ላይ ጎብኚዎች ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ኩሬዋ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ከላይ የረገፈው ቅጠል በርካታ ሌሊት የተኛባት ትመስላለች፤ ውኃዋ ሳይጠልል በፊትም ኩልል ያለ፣ ግን የጠቆረ ቡናማ ነው። ሽታዋ የእርጥብ ደን ሽታ ነው። ሞልቼ «ፋሲል» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ወንዙን ይዤ ወረድኩ። ላይኛው ክፍል ደኅና ነው፤ ድንጋዩ ይታያል፤ ከሥር የሚንቀሳቀስ ትንንሽ ነፍሳት አለ። ቁልቁል በሄድኩ ቁጥር ግን ከተማዋ ጀርባዋን የሰጠችው ለወንዟ መሆኑ እየገባኝ መጣ። የቤቶቹ ፊት ወደ መንገድ ነው፤ ቱቦዎቻቸው ወደ ቀሃ። አንዳንዱ ቱቦ ከግንብ ወጥቶ በአየር ላይ ይንጠባጠባል። ከአንዱ ሥር የበቀለው ሣር ከሌላው ይልቅ ለምልሟል።

ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሰፋ ባለ ድንጋይ ላይ ነበሩ። አንዲት ትልቅ ሴት ነጭ ነጠላ እያሹ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«የሳሙናውን ነገር ለእኛ ተወው ልጄ» አሉኝ፤ «ቧንቧው ሲመጣ እቤታችን እናጥባለን። ሲቀር ወዴት እንሂድ?»

መልስ አልነበረኝም። ዱሮ በእንዶድ ያጥቡ እንደነበር ጠየቅኳቸው። «እናቴ ነበረች እንዶድ የምትወቅጠው» ብለው ሳቁ።

እንዶድ ለእኔ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ነበሩ። የገደላቸው ከፍሬው ወጥቶ በውኃው የሟሟው ሳፖኒን ነው፤ እሱም በማጥለያ የማይያዝ፣ በዓይን የማይታይ ኦርጋኒክ ቁስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ ስለ መድኃኒት ተብሎ ይነገራል። እኔ ወንዝን ስለ ማየት ነው የማነበው። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ አልፏል፤ ከልብስ ማጠቢያው በላይና በታች ያለውን ልዩነት የጠየቀው አንድ ሰው ነው።

እኔም ከማጠቢያው በላይና በታች ቀዳሁ። ከዚያም ከታች፣ ብዙ ቱቦ ከገባ በኋላ። እዚህኛው ቦታ ላይ ውኃው ግራጫ ነው፤ ድንጋዮቹን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር እንደ ጸጉር ይወዛወዛል፤ ሽታው መሐረብ ያስወጣል። ሲጠልል ግን ከፋሲል ኩሬ ይልቅ የነጣ ሆኖ አረፈው። ዓይኑን ብቻ የሚያምን ሰው ከሁለቱ ብልቃጦች አንዱን ጠጣ ቢባል የቀሃን ይመርጥ ነበር።

ወንዝ የሚታፈነው በዚህ ቁስ ምክንያት ነው። ባክቴሪያዎች ከፍሳሽ የመጣውን በቶሎ ይበሉታል፤ እየበሉም ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ላቦራቶሪዎች ይህን ፍጆታ የሚለኩት ውኃውን በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለአምስት ቀን አስቀምጠው ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ያለ የ20 ዲግሪ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ጎንደር አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ውኃ የሚይዘው 7 ያህል ነው። ጠረፍ ላይ ያለ ወንዝ የሚችለውን ቆሻሻ የደጋ ወንዝ አይችለውም፤ ከጅምሩ ስንቁ ያነሰ ነው። ስለ ከተማ ፍሳሽ ሲወራ ይህ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ክፍሌን አጨልሜ በሐምራዊው መብራት ብልቃጦቹን አየኋቸው። የልብስ ሳሙና ነጭ ልብስን የሚያደምቅ ቀለም ስላለበት በዚህ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከማጠቢያው በታች የተቀዳው ፈካ፤ ከላይ የተቀዳው ደብዛዛ ነው። ደስ ሊለኝ ሲል የፋሲልን ኩሬ አበራሁት። እሷም ትንሽ ፈካች። የቅጠል ቅሪትም በዚህ ብርሃን ያበራል። ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ ያስፈልጋል፦ የቅጠልና የአፈር ቁስ በአንድ ዓይነት ሞገድ፣ የፍሳሽ ፕሮቲን የሚመስለው ቁስ በሌላ፣ በአጭሩ፣ ነው መልሶ የሚያበራው። ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ አንድ ጠብታ ውኃ ከደን ይምጣ ከመጸዳጃ ቤት ይገምታሉ።

ረቡዕ፣ ዝናብ

ከማለዳ ጀምሮ ጣለ። ከሆቴሉ አልወጣሁም። በረንዳው ላይ ብልቃጦቹን ደርድሬ በእያንዳንዱ ላይ እኩል የፐርማንጋኔት ጠብታ ጨመርኩ። ሁሉም ደማቅ ሐምራዊ ሆኑ። ፐርማንጋኔት ኦርጋኒክ ቁስን ያቃጥላል፤ እያቃጠለም ራሱ ይጠፋል፤ ሐምራዊው ወደ ቡናማ ይለወጣል። ጥንት ይህ የውኃ ንጽሕና መለኪያ ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ አገር ደንብ ውስጥ አለ። ብረትና ሰልፋይድ ካሉ እነሱም ይበሉታል፤ ስለዚህ በጥርጣሬ የሚነበብ ምስክር ነው።

ቁርስ በልቼ ስመለስ የታችኛው ቀሃ ቡናማ ሆኗል። የፋሲልም ኩሬ ሆናለች። አንገረብ ገና ወይን ጠጅ ነው። ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥኩት የታሸገ ውኃ እስከ ማታ አልተነካም።

የቡና ዕቃ ልታነሣ የመጣችው ልጅ ቆማ አየች። «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው?» አለች፣ ፋሲልንና ቀሃን እያመለከተች።

ጥያቄዋ ከብዙ የቢሮ ሪፖርት ይበልጣል። የምናየው አንድ ቁጥር ከሆነ አንድ ናቸው። አንደኛው ግን ከዛፍ የረገፈ፣ ባክቴሪያ እንኳ ቀስ እያለ የሚያላምጠው ነው፤ ሌላኛው ትናንት ከሰው የወጣ፣ ዛሬ የሚበላ፣ በሽታም ይዞ ሊመጣ የሚችል ነው። ሪፖርት ላይ «የኦርጋኒክ ቁስ መጠን ከፍተኛ ነው» ተብሎ ሲቆም ያናድደኛል። ከየት መጣ? በምን ያህል ፍጥነት ይበላል? ክሎሪን ሲነካው ምን ይሆናል? እነዚህ ካልተጠየቁ የዛፉንና የመጸዳጃውን ጉዳይ በአንድ መዝገብ ማየት ነው።

ቅጠልም ቢሆን ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. ለዓመታት የተጠራቀመ የቀይ ባሕር ዛፍ ቅጠል በጎርፍ ተዘፍዝፎ መሬይ በሚባለው ወንዝ ላይ ውኃው ጠቆረ፤ ኦክስጅኑ አልቆ ዓሣ አለቀ። እኛ ዳገቱን ሁሉ በባሕር ዛፍ ሸፍነን ከሥሩ ያለውን ቅጠል ለማገዶ ጠርገን እንወስዳለን። የእናቶች ድካም ወንዙን ሳያውቁት ይጠብቀዋል ብል ማጋነን አይሆንም፤ አፈሩን ማራቆቱ ግን ሌላ ዕዳ ነው።

ሐሙስ፣ አዘዞና መገጭ

ወደ አዘዞ በሚኒባስ ወረድኩ፤ ከዚያ ባጃጅ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ብልቃጥ ሲያይ «መምህር፣ ወርቅ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ጀመረ፤ አልለቀቀኝምም።

የመገጭ ድልድይ ላይ ስንደርስ የትናንቱ ዝናብ ወርዷል። ወንዙ ወንዝ አይመስልም፤ የሚሄድ እርሻ ነው። ግንድ፣ ገለባ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ የጠፋ ሸበጥ። ድምፁ ከታች ድንጋይ እየተንከባለለ እንደሆነ ያስታውቃል። ባጃጁ ነጂ «ይኼ ነው እንግዲህ መጥፎው ውኃ» አለ። እኔም እንደዚያ ጠብቄ ነበር የመጣሁት።

በገመድ ባልዲ አውርደን ቀዳን። ለአንድ ብልቃጥ ማጥለያ ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ አይነገርም። ያለፈው ግን ከታችኛው ቀሃ የነጣ ነው፤ ፐርማንጋኔቱንም እንደዚያ ፈጥኖ አልበላውም። ድፍርሱ መገጭ በዚህ በኩል ከግራጫው ቀሃ ይሻላል። አንዱ ምክንያት ብዛቱ ነው፤ የከተማው ፍሳሽ በዚህ ሁሉ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ ይቀጥናል። ሌላው የሸክላ አፈር ጠባይ ነው። የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ በደቃቅ ሸክላና በብረት ኦክሳይድ ላይ ይጣበቃል፤ ጭቃው እየተጓዘ ቁሱን ይሰበስበዋል። ጭቃው ጣና ውስጥ ሲሰፍር አብሮት ይሰፍራል፤ ኦክስጅን ካነሰና ብረቱ ከሟሟ ደግሞ መልሶ ሊለቀው ይችላል። ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተቀመጠ ማለት ነው።

መገጭ ላይ የሚሠራው ግድብ ለጎንደር የመጠጥ ውኃና ለደንቢያ መስኖ የታሰበ ነው፤ ሥራው ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ነጂው ስለ ግድቡ የሚያውቀውን ሁሉ ነገረኝ፤ ከሁሉም አንዱን ብቻ ልጻፍ፦ «ግድቡ ጭቃውን ካስቀረው ጥሩ ውኃ እናገኛለን» አለ። ግድብ ጭቃን ያስቀራል። የሟሟውን ግን በአብዛኛው ያሳልፈዋል፤ አዲስም ይጨምራል። በውኃ የተዋጠው ሣር፣ ቁጥቋጦና የአፈር ሽፋን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሲዘፈዘፍ ይኖራል፤ ከታች ያለው ውኃ ኦክስጅን ሲያጣ ብረትና ማንጋኒዝ ይሟሟል። ስለዚህ ውኃው ከመግባቱ በፊት እንጨቱን መመንጠር የውበት ጉዳይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንዝን ለመለካት ሰው የሚወጣው መንገዱ ሲደርቅ ነው። ታኅሣሥ ላይ መገጭ ዳር መቀመጥ ደስ ይላል፤ ውኃው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ጫማ አይበላሽም። ወንዙ ግን የዓመቱን ጭነት የሚያወርደው በዝናቡ ወራት፣ ይልቁንም በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው። የታኅሣሥ ናሙና የወንዙን ዕረፍት ነው የሚነግረን።

ዓርብ፣ ቆላ ድባ እና ጎርጎራ

የደንቢያ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማን ይዞ የሚያስቀር። መኪናችን ከቆላ ድባ ወዲህ አንድ ቦታ ተያዘችና ሁላችንም ወርደን ገፋን። ሌላ የሚጻፍ የለም፤ ገበሬው ሁሉ እርሻ ላይ ነው።

ጎርጎራ አመሻሽ ላይ ደረስን። ዓርብ ስለሆነ ዓሣው ቀርቶ ሽሮ ቀረበ። ያሳደረችን ባለቤት ውኃውን በቢጫ ጀሪካን አስቀምጣ እስኪጠልል ትጠብቃለች። የሽፈራው ፍሬ ፈጭተሽ ብትጨምሪበት ቶሎ ይጠልላል የሚል ሰው እንደነበረና ውኃው ግን በማግሥቱ እንደሸተተባት አጫወተችኝ። ልክ ናት። ፍሬው ጭቃን ያረጋል፤ የገዛ ራሱን ፕሮቲንና ዘይት ግን ውኃው ውስጥ ይተዋል፤ ያንን ባክቴሪያ ይበላዋል። ለዕለቱ ይሆናል፤ ለማሳደር አይሆንም።

ቅዳሜ፣ መገጭ አፍ

ጠዋት በሞተር ጀልባ ወጣን። ጀልባውን የሚነዳው ዓሣ አጥማጅ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ «ወንድሜ» እያለ ይጠራኛል። ደብረ ሲና ማርያምን ከሩቅ ተሳልመን አለፍን።

ወንዝ ባሕር ሲገባ የሚሆነውን በመጽሐፍ ነው የማውቀው። የባሕሩ ጨው ቡናማውን ቁስ ከብረት ጋር አርግቶ ከፊሉን ያዘቅጠዋል፤ ለዚህ ነው በብዙ ጠረፎች ቀለም ያለው ወንዝ ባሕር ሲነካ የሚፈዝዘው። ጣና ጨው የለውም። እዚህ ያ ሥራ የሚቀረው ለጭቃው መስፈር፣ ለባክቴሪያና ለፀሐይ ነው። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚወርደው ጨረር ብርቱ ነው፤ ቀለሙን እየሰባበረ ያነጣዋል፤ የተሰባበረውን ደግሞ ተሐዋስያን በቀላሉ ይመገቡታል። ግን ጨረሩ የሚሠራው ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው። በመገጭ አፍ ያለው ውኃ እጄን እስከ አንጓዬ ባስገባ ጣቶቼን የማያሳይ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ይቀራል።

ደንገሉ ውስጥ ስንገባ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ሞተሩን አጠፋው፤ በዘንግ ገፋን። ጭቃው ከደንገሉ እግር ሥር ሰፍሯል፤ ውኃው ኩልል ብሎ ጠቁሯል። የፋሲል ኩሬ ቀለም። ቀድቼ ባጠልለውም ቀለሙ አልቀነሰም። ደንገል ጭቃን ይይዛል፤ የሞተ ግንዱን እየዘፈዘፈ ደግሞ የራሱን ቁስ ይሰጣል። ረግረጉ ይጠፋ የሚል ሰው ይህን እንደ ማስረጃ እንዳያነሣብኝ፤ ከዚህ የሚወጣው ቡናማ ውኃ ሺህ ዘመን የኖረ ነው፤ ዓሣው ለምዶታል።

እምቦጭ ሌላ ነው። ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 በዚህ በሰሜኑ ዳርቻ ነው፤ ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ወራሪው ገብቶበት ነበር። ምንጣፉ ብርሃን ይከለክላል፤ ሲሞት ደግሞ ለስላሳ አካሉ ከደንገል ይልቅ ፈጥኖ ይሟሟል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ኦክስጅን ያጣል። ከዳር የተከመረ የተነቀለ እምቦጭ አየሁ። ክምሩ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የራቀው፤ ከሥሩ ጥቁር ፈሳሽ በቀጭኑ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ያን ሁሉ ሰው በጉልበቱ ጎትቶ ያወጣውን ዝናብ በሟሟ መልክ ይመልሰዋል። ራቅ አድርጎ መከመር ይህን ያህል ምን ይከብዳል?

ዓሣ አጥማጁ ስለ ነጭ ዓሣ አወራኝ። የጣና ነጭ ዓሣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ከደርዘን በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነሱም በርካቶቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ መገጭ አንዱ መንገዳቸው ነው።

«ያኔ ነው ብርብራ የሚያፈስሱባቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም የሚሰማን በሌለበት። «ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ላይ ይበትኑታል። ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል። ለአንድ ቀን ገበያ የሦስት ዓመት ዓሣ።»

ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ነው፤ ዓሣው ኦክስጅን እያለ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ውኃው ያለ ለውጥ ይወርዳል፤ ቀለም የለ፣ አረፋ የለ። ያሉኝን ዕቃዎች ሁሉ ባወጣ አንዱም «እዚህ ብርብራ አለ» አይለኝም። ፐርማንጋኔቱ ልዩነቱን አይለይም፤ ሐምራዊው መብራትም አይነግረኝም። ቅጠል፣ እንዶድ፣ ብርብራ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ያልፋሉ። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ስም አንድ ነው።

ናሙናዎቹን በበረዶ ሣጥን አስቀመጥኩ፤ መሣሪያ ያለው ጓደኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ለእሱ የጻፍኩት ትዕዛዝ አጭር ነው፦ መጠኑን ብቻ እንዳትልክልኝ፤ የታችኛው ቀሃና የደንገሉ ውኃ በብርሃኑ ሥር ምን ያህል እንደሚራራቁ ንገረኝ፤ የአንገረብን ደግሞ በክሎሪን ሞክረው።

ስንመለስ ዓሣ አጥማጁ ከጀልባው ጠርዝ በእፍኙ ውኃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ።

«ታዲያ ወንድሜ፣ ይህ ውኃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?»

«አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?»

«ባለቤቴ ታፈላዋለች።»

«ተሐዋሲው በመፍላት ይሞታል። የሟሟው ግን አብዛኛው አይወጣም።»

ጥቂት አሰበ። «እኛ ልጆቻችንን የሚገድለው ተቅማጥ ነው የሚያስፈራን።»

«ለእሱ ማፍላቱ ይበቃል።»

«እንግዲያስ የቀረውን አንተ ተከታተለው» ብሎ የሞተሩን ገመድ ሳበ።